በአምልኮ በር ላይ ገንዘብ መጠየቅ በሕግ ይከልከል? ወይስ ሌላ ስም ያወጡለታል?

ደጃፍ_ላይ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ከረመ፣ እስቲ ልተንፍሰው።

አንድ የሌሊት ጸሎት ላይ ሄጄ ነበር። የት እንደሆነና የየትኛው እምነት እንደሆነ ይቅር፣ ወደ ስም ማጥፋት እንዳይሄድብኝ። በሩ ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው ገንዘብ ይቀበሉና እጅ ላይ የምትታሰር ወረቀት ይሰጣሉ። ቢጫ ያሰረ ፊት ይቀመጣል፣ ነጭ ያሰረ ኋላ። ከእኔ ፊት ሕፃን ያዘለች ሴት ነበረች። የነጩን ይዛለች። አንደኛው ወጣት "ለእርስዎ ይበቃል፣ ለሕፃኑስ?" አላት። "ሕፃኑ እኮ ወንበር አይዝም፣ ጀርባዬ ላይ ነው" አለችው። ወጣቱ ክፉ ሰው አይመስልም፣ ግራ ገባውና አለቃው ጋ ደወለ። ስልኩ አይነሳም። "እስቲ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፣ ሰልፉ ይለፍ" አላት። ጠጋ አለች። ሰልፉ አለፈ። እኔም አለፍኩ፣ ቢጫዬን አስሬ። ተቀምጬ ጥቂት ከቆየሁ በኋላ ነው ሕሊናዬ የነቃው። ልከፍልላት ብወጣ የለችም።

የዚያን ሌሊት ስብከት ዛሬ ብትጠይቁኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አልነግራችሁም። የሴትዮዋን ጀርባ ግን እስካሁን አየዋለሁ።

እና እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚከለክል ሕግ ለምን አይወጣም? እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፣ ግን አንድ አንቀጽ ሞከርኩ፦ "ማንኛውም የሃይማኖት ተቋም በአምልኮ ለመሳተፍ ክፍያ መጠየቅ አይችልም።" በሉ ቀዳዱት።

ቁልቋል

ይውጣ። በማግስቱ ጠረጴዛው እዚያው ይቀመጣል፣ ወጣቶቹም እነዚያው ናቸው፣ ወረቀቷም ቢጫና ነጭ። "ክፍያ" የሚለው ብቻ ተፍቆ "የፍቅር ስጦታ" ይባላል። ያልሰጠ ግን አይገባም። 😀

አንቀጽ_በአንቀጽ

ቀዳዱት ካልክ ልቅደደው። አንቀጽህ የመጀመሪያው ችሎት ላይ ይወድቃል።

"ክፍያ" ስትል ምን ማለትህ ነው? ለሱባኤ ሦስት ቀን የሚያድር ሰው ለአልጋው ቢከፍልስ? የመዝሙር መጽሐፍ ቢሸጥስ? ለጉዞ አውቶቡስ ሲከራዩ ተጓዦቹ ቢያዋጡስ? ሁሉም "ለመሳተፍ" የሚወጣ ገንዘብ ነው። "አምልኮ"ስ የቱ ነው? ሠርግ አምልኮ ነው? የመዘምራን ሥልጠናስ? ይህን ለመወሰን ዳኛው ስለ ዶግማ ሊፈርድ ነው፣ እሱን ደግሞ አንተም አትፈልገውም።

ግን ቀድሞ የተሞከረ ነገር አለ (ዓመቶቼ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እንግሊዝ በ1872 የጥምቀት ክፍያን የሚያስቀር ሕግ አወጣች። በጣም አጭር ሕግ ነው። ካህኑም፣ ጸሐፊውም፣ ሌላም ሰው ቢሆን፣ ለማጥመቅም ሆነ ጥምቀቱን መዝገብ ላይ ለማስፈር ዋጋ መጠየቅ አይችልም ይላል። ግሱን ልብ በሉ፣ የተከለከለው መጠየቅ ነው። ወላጅ በገዛ እጁ ቢሰጥ ሕጉ ዘወር ብሎም አያየውም። ሠርግና ቀብርንም አልነካም፣ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ለሁለቱ እስከ ዛሬ የተወሰነ ክፍያ አለ። አንዲት በር ብቻ መርጠው ከፈቱ፣ ሌላውን ተዉት።

ከዚያ 4 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1868፣ ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ማደሻ ተብሎ ከነዋሪው በግድ የሚሰበሰበውን መዋጮ አስቀርተው ነበር። መዋጮው ግን አልጠፋም፣ ግዴታው ብቻ ተነሳና በፈቃድ ቀጠለ። እኔ ሕግ ሊሠራው የሚችለው ይህችን ያህል ነው ባይ ነኝ።

ገንዘብ_ያዥዋ

እኔ ደግሞ ከጠረጴዛው በዚያ በኩል የምቀመጠው ነኝ። ስድቡን ቀስ አርጉት 🙏

በአንድ ትንሽ ጉባኤ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ ያለ ደመወዝ። መብራት በየወሩ ይመጣል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ዝናብ ሲሆን አንዱ ወንድም ባልዲ ይዞ እየተነሳ ስብከቱ መሀል ይመላለሳል። ጥበቃው የቤት ኪራይ አለበት። ድምፅ ማጉያው በየሁለት ወሩ ይበላሻል። መባው ሲቆጠር ማታ ቁጭ ብዬ የተጨማደዱ ኖቶችን በጉልበቴ ላይ አፍታታለሁ፣ ከቆጠርኩ በኋላ ደግሜ እቆጥራለሁ፣ ሁለተኛውም ያው ነው፣ አይበቃም። "በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ" የሚለውን ሁሉም ሰው በቃሉ ይዞታል። መብራት ኃይል ግን አልያዘውም።

ጳውሎስም ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል ቀለብ እንዲቀበሉ ተደንግጓል ይላል። ይኼኛውን የሚጠቅስልን የለም።

እና አዎ፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ የእኛም በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ለጋብቻ ይህን ያህል፣ ለሕፃን ምርቃት ይህን ያህል፣ ለልዩ ጸሎት ይህን ያህል። የመጀመሪያው ቁጥር በማርከር ተሰርዞ ከላዩ ሌላ ተጽፎበታል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ደጃፍ_ላይ

እህቴ፣ አንቺን አይደለም የምሰድበው። ግን ልጠይቅሽ፣ ያ ወረቀት ላይ ያለውን የሌለው ሰው መጥቶ ያውቃል? ምን ታደርጊያለሽ?

ገንዘብ_ያዥዋ

መጥቶ ያውቃል። "ግድ የለም ይግቡ" እላለሁ። ግን ወረቀቱን አንብቦ ሳያናግረኝ የተመለሰው ስንት እንደሆነ በምን አውቃለሁ። አሁን ስትጠይቀኝ ነው ያሰብኩት።

የመጽሐፍ_ትል

በሕግ ደረጃ አዲስ ጥያቄ ቢመስልም በሃይማኖቱ ቤት ይህ ጠብ ያረጀ ነው።

ግያዝን አስታውሱት። ንዕማን ከለምጹ ሲድን ኤልሳዕ አንዲት ነገር አልቀበልም አለ። ሎሌው ግያዝ ሠረገላውን ሮጦ ደረሰበትና ጌታዬ ልኮኛል ብሎ አንድ መክሊት ብርና ሁለት ልብስ ጠየቀ። ንዕማንም ሁለት መክሊት ካልወሰድክ አለው። የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው፣ ንዕማን መስጠት ቸግሮት አይደለም፣ እንዲያውም እጥፍ ሰጠ። ጥፋቱ የጠየቀው ላይ ነው፣ የንዕማን ለምጽም የተሻገረው ለእሱ ነው። አንቀጽ_በአንቀጽ "ግሱን ልብ በሉ" ያለው ከ1872 በፊትም ነበረ ማለት ነው።

ሲሞን መሠርይ ደግሞ በሌላው ወገን ነው፣ እሱ ከፋይ ነው። መንፈስ ቅዱስን በእጅ መጫን የማደል ሥልጣን በገንዘብ ሊገዛ መጣና ጴጥሮስ ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ ብሎ አባረረው። ሲሞናዊነት የሚባለው ቃል ከዚያ ነው።

በ451 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የኬልቄዶን ጉባኤ ላይ (ስሙን ስጠራው የሚከፋችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ የማወራው ስለ ሃይማኖት ውሳኔው ሳይሆን ስለ ቀኖናው ነው) ሁለተኛው ቀኖና በገንዘብ የሾመ ጳጳስ ከማዕረጉ ይውረድ፣ የተሾመውም በገዛው ሹመት አይጠቀም ይላል። ከዚያ ደላላውን ያነሣል። አሻሻጩ ካህን ከሆነ ይሻር፣ ምእመን ከሆነ ይወገዝ። ደላላ በቀኖና ስሙ የተነሣው ያኔም ደላላ ስለነበረ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል።

የኃጢአት ማስተሰረያ ደብዳቤ ሽያጩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ሉተር በ1517 (እ.ኤ.አ.) የጮኸበት። የካቶሊኮቹ የትሬንት ጉባኤ በዚሁ ሥራ ይዞሩ የነበሩትን ገንዘብ ሰብሳቢዎች ሹመት ያስቀረው በ1562 ነው። የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 5ኛ ከክፍያ ጋር የተያያዘውን ማስተሰረያ ሁሉ የሰረዙት ደግሞ በ1567። 50 ዓመት! ራሷ ቤተ ክርስቲያኒቱ ኃጢአት ነው ያለችውን ነገር ለማጽዳት ይህን ያህል ከፈጀባት የመንግሥት ሕግ በአንድ አዋጅ ይጨርሰዋል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ቁልቋል

ግያዝ ዛሬ ቢኖር ከፊቱ ጠረጴዛ ነበረው። ደረሰኝ ግን አይቆርጥም።

ጨረቃ_ስትወጣ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። በኛም በኩል ክርክሩ ያው ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዑስማን ኢብን አቢል ዓስን ኢማም ሲያደርጉት ለአዛኑ ደመወዝ የማይቀበል ሙአዚን ያዝ ብለውታል። በሌላ ሐዲስ ደግሞ ዋጋ ልትቀበሉበት ከሚገባችሁ ነገር ሁሉ የበለጠ የሚገባው የአላህ መጽሐፍ ነው የሚል አለ፣ እሱ የመጣው ባልደረቦቹ በፋቲሐ ሩቅያ አድርገው (በሽተኛ ላይ ቁርአን ቀርተው) በጎች ሲቀበሉ ነው። ዑለማዎቹ በእነዚህ መሀል ብዙ ተከራክረዋል። የጥንቶቹ ሐነፊዎች (ከእስልምና የሕግ መዝሀቦች የአንዱ ሊቃውንት) ለአዛን፣ ለኢማምነትና ቁርአን ለማስተማር ደመወዝ አይቻልም ብለው ነበር፣ የኋለኞቹ ግን አስተማሪ ጠፍቶ ዲኑ እንዳይጠፋ ብለው ቸግሯቸው ፈቀዱ።

ልብ በሉልኝ፣ እዚህ የተፈቀደው ለአስተማሪው ነው። መስጊድ በር ላይ ቆሞ ለሶላት ማስከፈልን ግን ማንም አልፈቀደም። ለሠራተኛው መክፈል ሌላ፣ ሰጋጁን ማስከፈል ሌላ። ዘካን ብትወስዱ ቁርአን ራሱ ለሰብሳቢዎቹ ድርሻ መድቧል፣ ድሃው ግን የሚቀበል እንጂ የሚከፍል አይደለም። ሕጉ ይህን መስመር ቢይዝ እኔ እፈርማለሁ።

የመጽሐፍ_ትል

@ጨረቃ_ስትወጣ አመሰግናለሁ ወንድሜ። አይሁዶችም ጋ ተመሳሳይ መላ አለ። ቶራ ማስተማር በነፃ መሆን አለበት፣ ሙሴም በነፃ ነው የተማረው ይላሉ። ታዲያ መምህሩ ምን ይብላ? "ለትምህርቱ አይደለም የምንከፍልህ፣ ሌላ ሥራ ባለመሥራትህ ለቀረብህ ነው" አሉት። ቁልቋል ደግሞ ይኼም ስም መቀየር ነው ሊል ነው። ነው። ግን ስሙ ሲቀየር ልኩም ይቀየራል፣ ለቀረብህ ጊዜ ስትጠይቅ እንደ ጸጋው ዋጋ መቁረጥ አትችልም።

ሩቅ_አገር

እናንተ መንግሥት ክፍያ ይከልክል ትላላችሁ፣ እኔ ያለሁበት ጀርመን መንግሥት ራሱ ነው ሰብሳቢው። የካቶሊክ ወይ የፕሮቴስታንት አባል ነኝ ብለህ ከተመዘገብክ የቤተ ክርስቲያን ግብር ይቆረጥብሃል፣ በባቫሪያና በባደን ቩርተምበርግ 8 በመቶ፣ በሌላው 9 በመቶ። ብዙ ሰው ከደመወዝ ላይ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ከገቢ ግብርህ ላይ ተሰልቶ ነው። ግብር ያልደረሰው ድሃ አይከፍልም። ይኼ ጥሩ ጎኑ ነው።

መጥፎው ጎን፣ ላለመክፈል ከፈለግክ መንግሥት ቢሮ ሄደህ ከቤተ ክርስቲያን ወጣሁ ብለህ መፈረም አለብህ። የካቶሊክ ጳጳሳቱ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ድንጋጌ እንዲህ የወጣ ሰው መናዘዝም መቁረብም፣ የክርስትና አባት መሆንም አይችልም አሉ። እነሱ ግብሩ አይደለም ጉዳያችን፣ መውጣቱ ነው ይላሉ። የጓደኛዬ አባት ግን "ሃይማኖቴን አልካድኩም፣ ቅጽ ነው የሞላሁ" ብለው ሞቱ። ያዘለችው ሴት ያየችው በር እዚህ በኮምፒውተር ተሠርቷል በሉት።

ነፃ_ሰው

ሁላችሁም ደግ ሰዎች ናችሁ፣ ግን ሕጉን ማን እንደሚያስፈጽመው አንዳችሁም አላሰባችሁም።

እኔ ልንገራችሁ። ተቆጣጣሪ ይቀጠራል። ተቆጣጣሪው ትልቁ ቤት አይሄድም፣ እዚያ ጠበቃ አለ፣ ባለሥልጣኑም እዚያ ነው የሚጸልየው። የሚሄደው ትንሿ ጋ ነው፣ ሰላሳ ሰው ተሰብስቦ የሰው ሳሎን ውስጥ የሚዘምርበት፣ ለአዳራሽ ኪራይ ሲያዋጡ ይያዛሉ። አዋጁ "ለድሃው ምእመን" ተብሎ ወጥቶ የሚመታው አናሳውን እምነት ነው። ደብተርህን አሳየኝ ማለት የጀመረ መንግሥት ነገ ስብከትህን አሳየኝ ይላል።

ካልተመቸህ ሌላ ቦታ ሂድ። እግዚአብሔር በዚያ በር ብቻ አይገኝም።

ደጃፍ_ላይ

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለእኔና ላንተ ትሠራለች። የገዛ ጥምቀቷ፣ የእናቷ ቀብር፣ የልጅነት ጓደኞቿ እዚያ ያሉባት ሴት "ሌላ ቦታ" የላትም። የመጀመሪያው ሐሳብህ ግን አሳስቦኛል፣ እውነቴን ነው።

ዝምታ7

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፣ ዛሬ ግን ልጻፍ።

አክስቴን በር ላይ ሳንቲም የጠየቃት የለም። መግቢያ በነፃ፣ ወንበር በነፃ፣ "እንኳን ደህና መጡ እናታችን" እያሉ ከፊት ነው የሚያስቀምጧት። ከገባች በኋላ ነው። መጀመሪያ የልጅሽ ሕመም የዘር እርግማን ነው አሏት። ከዚያ እርግማኑ የሚሰበረው በሚያምሽ ስጦታ ነው፣ የማያምሽ ስጦታ ስጦታ አይደለም አሏት። የአንገት ሐብሏ ሄደ። ከዚያ የባሏ የቀብር ዕድር ገንዘብ። ቤቱ ሊሸጥ ሲል ነው የደረስነው። ሁሉም "በፈቃዷ" ነው፣ ፊርማዋ አለበት። የደጃፍ_ላይ አንቀጽ ቢጸድቅ ያ ቤት አንድም ነገር አልጣሰም።

ጃፓን ያደረገችውን ተመልከቱ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ሲገደሉ ተከሳሹ እናቴ ለዩኒፊኬሽን ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ሰጥታ ሰጥታ ቤታችንን አፈረሰችው ብሎ ነበር። አገሩ ተናወጠ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሕግ ወጣ። ሕጉ መግቢያ ላይ ስለሚከፈለው አያወራም። ሰውን በማስፈራራት፣ ካልሰጠህ መዓት ይመጣብሃል በማለት ስጦታ መጠየቅን ነው የከለከለው። ተበድረህ ወይ ቤትህን ሸጠህ ስጥ ማለትም ተከለከለ። በማስፈራራት የተሰጠ ገንዘብ ማስመለስ ይቻላል፣ በሰጪው የሚተዳደሩ ቤተሰቦችም ማስመለስ የሚችሉበት መንገድ አለ። ተው ተብሎ እንቢ ያለ እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር ይችላል።

የበሩ ክፍያ እኮ ቢያንስ በግልጽ የተጻፈ ቁጥር ነው። አክስቴ ቁጥር አይታ አታውቅም።

አንቀጽ_በአንቀጽ

@ዝምታ7 አዝናለሁ። ይህ ከሁላችን ጽሑፍ ይበልጣል።

ይህ የአሜሪካን አንድ ፍርድ አስታወሰኝ። በ1989 ሳይንቶሎጂ የሚባለው እምነት አባላት "ኦዲቲንግ" ለሚሉት መንፈሳዊ የምክር አገልግሎት የከፈልነው እንደ በጎ አድራጎት ስጦታ ከግብር ይቀነስልን አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አይሆንም አለ፣ የዋጋ ዝርዝር አለ፣ ከፍላችሁ አገልግሎት ተቀበላችሁ፣ ይህ ስጦታ አይባልም። በሐሳብ የተለዩት ሁለት ዳኞች ግን ታዲያ የቤተ ክርስቲያን መቀመጫ ኪራይና የምኩራብ የበዓል ትኬት በምን ይለያል ብለው ያዙ። ትክክል ነበሩ። በአንድ ቤት ላይ የተሳለ ሕግ ሌላው ቤትም ውስጥ ይገባል፣ ካልገባ ደግሞ ነፃ_ሰው የሚፈራው ነገር ነው።

ስለዚህ የደጃፍን አንቀጽ እንዲህ ባጠበው፦ "ማንም ሰው ባለመክፈሉ ምክንያት ለሁሉም ክፍት ከሆነ የአምልኮ ሥርዓት ሊከለከል አይችልም።" ክፍያን አልነካሁም። መዋጮውንም፣ ሣጥኑንም፣ አውቶቡሱንም አልነካሁም። መመለሱን ብቻ። ተቆጣጣሪ ደብተር አይፈትሽም፣ ክሱን የምታቀርበው የተመለሰችው ሴት ናት። ለአክስትሽ ግን የጃፓኑ ዓይነት ለብቻው ያስፈልጋል፣ አንድ ላይ ከጻፍናቸው ሁለቱም ይበላሻሉ።

ነፃ_ሰው

በዚህ መልኩ ከሆነ ጩኸቴን እቀንሳለሁ። አልፈርምም፣ ግን እቀንሳለሁ።

ታናሽ_ተማሪ

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። ጎኤንካ የሚባል መምህር የጀመራቸው የቪፓሳና (የተመስጦ) ማሰልጠኛዎች 10 ቀን ሙሉ አስተኝተው አብልተው በነፃ ነው የሚያስተምሩት። ስጦታ የሚቀበሉት ኮርሱን ከጨረሰ ሰው ብቻ ነው፣ ላልጨረሰ ክፈል አይሉም ብቻ ሳይሆን ልስጥ ቢልም አይቀበሉትም። ሰጪው የሚሰጠው ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው ነው። ያለ ምንም አዋጅ እየሠራ ያለ ነገር ነው። ገንዘብ ያዥዋ ይህን ብትሞክሪውስ? ጠረጴዛውን ከመግቢያው ወደ መውጫው ማዞር ነው።

ገንዘብ_ያዥዋ

ከሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ኮሚቴ ላይ አነሣሁት።

ሁለት ሰዓት ተኩል ተጨቃጨቅን። ጣሪያው ላይ አይደለም፣ ሒሳቡም ላይ አይደለም፣ አንዲት ቃል ላይ። "ይከፈላል" ይውጣ አልኩ። "ቢቻል" እንበል አሉ አንዱ አባት። ሌላው "ቢቻል" ካልን ማን ይከፍላል አለ። ጸሐፊያችን "የቻለ ይህን ያህል ቢያግዝ ደስ ይለናል፣ ያልቻለ ይግባ" ብላ ጻፈች፣ ረዘመ ተባለ። በመጨረሻ የተስማማነው ቁጥሮቹ ለጋብቻ ብቻ እንዲቀሩ፣ ምርቃትና ጸሎት ከወረቀቱ እንዲወጡ፣ ሣጥኑም ወደ መውጫው እንዲዛወር ነው። ለጋብቻ ለምን ቀረ አትበሉኝ፣ እዚያ ላይ ተሸንፌአለሁ።

የድሮውን ወረቀት ያነሣሁት ራሴ ነኝ። ማስቲሹ ቀለሙን ይዞት ወጣ፣ በሩ ላይ አራት ነጭ ነጭ ቦታ ቀርቷል። የዚህ ወር መባ ገና አልተቆጠረም።

ቁልቋል

ስትቆጥሪ ንገሪን። ከቀነሰ የጥበቃውን እኔ አለሁ፣ አንድ ወር ብቻ ግን። እንዳታስለምዱኝ።